ፋይሉ የማን ነው? በቶረንት የሚሰራጭ ሰነድን በቁልፍ መፈረምና ፊርማውን መመርመር

ደብረ ብርሃን ላይ የተዘጋጀ የ12ኛ ክፍል መለማመጃ ጥያቄ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ እስኪደርስ ብዙ እጅ ያልፋል። አንዱ በቴሌግራም ይልከዋል፣ ሌላው በፍላሽ ይቀዳዋል፣ ሦስተኛው የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ይጭነዋል። በመሃል አንድ ሰው መልሱን «አስተካክሎት» ይሆናል፤ ፍላሹ ቫይረስ ለጥፎበት ይሆናል፤ ወይም ጭራሽ ሌላ ሰው ያዘጋጀው ሰነድ በእናንተ ስም ወጥቶ ይሆናል። ቶረንትን የመሰለ ማዕከል የሌለው መረብ ፋይሉን ያለ ሰርቨር ወጪ ያደርሳል። ከማን እንደመጣ ግን አይናገርም። እሱን የሚናገረው ፊርማ ነው፣ ያውም በትክክል ከተያዘ።

ይህ አሠራር ለሁለት ወገን ነው፤ ሰነድ አዘጋጅቶ ለሚያሰራጭና ሰነዱ ለሚደርሰው። የምንጠቀመው ለመፈረሚያ ክሊዮፓትራን (ዊንዶውስ ላይ ጂፒጂፎርዊን የሚባለው ጥቅል ውስጥ ይገኛል፤ ሊኑክስ ላይ ለብቻው ይጫናል)፣ ለማሰራጫ ደግሞ ኪውቢትቶረንትን ነው። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። የምታሰራጩት የራሳችሁን ወይም እንድታሰራጩት የተፈቀደላችሁን ነገር ይሁን፤ ፊርማ የባለቤትነት ፈቃድ አይሆንም፣ እንዲያውም ያለ ፈቃድ ያሰራጨው ማን እንደሆነ ማስረጃ ይሆናል።

ሃሽ፣ ፊርማ፣ አሻራ

ሦስቱን የሚያምታታ ሰው ኋላ የሚሠራው ሁሉ ይበላሽበታል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ሃሽ ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ አጭር መለያ ነው። ከፋይሉ አንዲት ፊደል ብትቀየር ሃሹ እንዳለ ይለወጣል። ቶረንት የሚሠራው በዚህ ነው። ማግኔት ሊንክ (ቶረንት ፕሮግራሙ ፋይሉን ፈልጎ የሚያወርድበት አድራሻ) ውስጥ ያለው ረጅም ድርድር ሃሽ ነው፤ በመጀመሪያው የቶረንት ስሪት ሻ-1 በሚባለው የሃሽ ስሌት 40 ሆሄ፣ በሁለተኛው ስሪት ሻ-256 በሚባለው ስሌት 64 ሆሄ ይወጣዋል። ፕሮግራሙ ከማያውቃቸው ሰዎች ቁርጥራጭ እየተቀበለ ከዚህ ጋር ያመሳክራል፣ ያልገጠመውን ይጥላል። ስለዚህ ሊንኩ ትክክለኛ ከሆነ የሚወርደውም ትክክለኛ ነው። ጥያቄው ሊንኩን ማን ሰጣችሁ ነው። የተበረዘ ፋይል ያዘጋጀ ሰውም የራሱን ሊንክ ይሠራል፣ ሃሹም ያለ እንከን ይገጥምለታል።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ሊኑክስ ሚንት የተባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ድረ ገጽ ተሰብሮ የማውረጃው ሊንክ ስውር መግቢያ ወደተጨመረበት ስሪት እንዲመራ ተደርጎ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ከሊንኩ ጎን የተጻፈ ሃሽ አያድንም፤ ሊንኩን መለወጥ የቻለ ሰው ከጎኑ ያለውንም ቁጥር መለወጥ ይችላል።

ፊርማ ሌላ ነው። ፈራሚው ሁለት ቁልፍ አለው። የሚስጥር ቁልፉ ከእጁ አይወጣም፤ የአደባባይ ቁልፉ ለሁሉም ይሰጣል። በሚስጥሩ የተፈረመ በአደባባዩ ይመረመራል። ፊርማው ከገጠመ ሁለት ነገር ታውቃላችሁ፦ ፋይሉ ከተፈረመ በኋላ አልተነካም፣ የፈረመውም የዚያ ቁልፍ ባለቤት ነው።

የቁልፉ ባለቤት ማን ነው? ይህን ፊርማው አይነግራችሁም። ማኅተም ቀራጭ የተጻፈለትን ስም ሁሉ እንደሚቀርጽ፣ ክሊዮፓትራም የጻፋችሁለትን ስም ይቀበላል፤ «የሰሜን ሸዋ መምህራን» የሚል ቁልፍ ማንም ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይሠራል። አንዱን ከሌላው የሚለየው አሻራው ነው፦ ከአደባባይ ቁልፉ ተሰልቶ የሚወጣ፣ በአብዛኛው 40 ሆሄ ያለው፣ በአራት በአራት ተከፋፍሎ የሚጻፍ መለያ። ስሙ ይመሳሰላል፤ በአማርኛማ ብርሃንን በሃ፣ በሀ፣ በሐ ጽፎ ዓይን የማይለየው ስም ማውጣት ቀላል ነው። አሻራው ግን አይመሳሰልም። የመጨረሻዎቹን 8 ሆሄ ብቻ ማየትም አይበቃም፤ በ8 ሆሄ የሚገጥም ሐሰተኛ ቁልፍ በተራ ኮምፒውተር ተሠርቶ ታይቷል።

እንግዲህ ሥራው ሁሉ ሁለት ቦታ ላይ ያርፋል፦ የሚስጥር ቁልፉን መጠበቅና አሻራውን በትክክል ማድረስ። የቀረውን ፕሮግራሙ ይሠራዋል።

እርምጃ 1፦ ቁልፍ ማውጣት

ቁልፉን የምታወጡት በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኢንተርኔት ካፌ ወይም ተማሪ ሁሉ ፍላሽ የሚሰካበት የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ አይሁን። ሰዓቱና ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ትክክል መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ምክንያቱ ወደ በኋላ ይመጣል።

ክሊዮፓትራን ክፈቱ፤ «ፋይል» ውስጥ «ኒው ኦፕንፒጂፒ ኪ ፔር» የሚለውን ምረጡ። ስም ሲጠይቅ የሥራ ስም ስጡ፤ ለምሳሌ የትምህርት ዓይነቱንና የከተማውን ስም። እዚህ የሚጻፈው ለዘላለም አደባባይ ላይ ስለሚውል የግል ስልክ ቁጥር አታስገቡ። የይለፍ ሐረግ እንዲጠየቅ የምታደርገውን ሳጥን ምልክት አድርጉባት፤ በአንዳንድ ስሪት ባዶዋን ነው የምትመጣው፣ እንዲሁ ካለፋችኋት ቁልፉ ያለ መዝጊያ ይቀመጣል። «አድቫንስድ ሴቲንግስ» ውስጥ የቁልፉን ዓይነት አትንኩ፤ ማብቂያውን 2 ዓመት አድርጉ። ማብቂያው ኋላ ይራዘማል፣ ሲራዘምም አሻራው አይለወጥም፤ ስለዚህ አጭር ማድረግ ጉዳት የለውም። ቁልፉ ቢጠፋና መሻሪያ ሰነዱም (ቁልፉ ከእንግዲህ እንዳይታመን የሚያደርገው) ቢጠፋ ግን በራሱ ጊዜ ይሞታል።

የይለፍ ሐረጉን በግዕዝ ፊደል አትጻፉ። ሐረጉን የምትጠይቀው ትንሽ መስኮት የአማርኛ መጻፊያችሁን ላትቀበል ትችላለች፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይም ያው መጻፊያ ላይኖር ይችላል። የተሻለው ስድስት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል መጻፍ ነው። ከመዝገበ ቃላት ዓይን ጨፍኖ ገጽ እየገለጡ መምረጥ ይበቃል። ተረትና ምሳሌ፣ የዳዊት ጥቅስ፣ የዘፈን ግጥም አይሁን፤ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን ነገር ገማችም መጀመሪያ ይሞክረዋል።

ቁልፉ እንደወጣ ሁለት ነገር ሳታደርጉ ኮምፒውተሩን አትዝጉ። አንደኛ፣ በቁልፉ ስም ላይ በቀኝ ተጭናችሁ «ባክአፕ ሲክሬት ኪስ» በሚለው ግልባጩን ለሌላ ሥራ በማይውሉ ሁለት ፍላሾች ላይ አስቀምጡ፤ አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የመሻሪያ ሰነዱን አውጡ። የቁልፉ ዝርዝር ውስጥ «ጄኔሬት ሪቮኬሽን ሰርቲፊኬት» ይላል። ይህን ሰነድ ያገኘ ሰው ቁልፋችሁን መሻር ይችላል፣ መፈረም ግን አይችልም። አትማችሁ በወረቀት ብታስቀምጡት ጥሩ ነው፤ ፍላሽ ይሞታል፣ ወረቀት ግን ሳጥን ውስጥ ይቆያል።

እርምጃ 2፦ አሻራውን ማድረስ

ብዙ ሰው የአደባባይ ቁልፉን ቴሌግራም ቻናል ላይ ለጥፎ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ቻናሉን የሰረቀ ሰው የራሱን ቁልፍ ይለጥፋል። አሻራው ፋይሉ ከሚመጣበት መንገድ በተለየ መንገድ መድረስ አለበት።

ከሁሉ የሚሻለው ፊት ለፊት ነው። የመምህራን ስብሰባ ወይም ስልጠና ሲኖር አሻራውን በትልቁ አትማችሁ ለእያንዳንዱ ስጡ፤ ተቀባዩም በደብተሩ ይገልብጥ። የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በማኅተም የተለጠፈ ወረቀትም ይሠራል። የታተመ የጥያቄ ጥራዝ ካላችሁ የሽፋኑ ጀርባ ላይ አሳትሙት፤ 40 ሆሄ ሁለት መስመር አይሞላም።

ሁለተኛው መንገድ ስልክ ነው፤ የሚሠራውም ድምፁን ከምታውቁት ሰው ጋር ነው። የደወለላችሁን ከማመን በምታውቁት ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ። አሻራው ውስጥ ያሉት ሆሄያት ከ0 እስከ 9 ያሉ አኃዞችና ስድስት የላቲን ፊደላት ብቻ ናቸው። ችግሩ ቢ፣ ዲ እና ኢ በስልክ አንድ ናቸው፤ ኤ እና ኤፍም እንዲሁ፣ በተለይ መስመሩ ሲቆራረጥ። ለእያንዳንዱ የአገር ስም ስጡት፤ ኤ አንኮበር፣ ቢ ቡልጋ፣ ሲ ሲያደብር፣ ዲ ደነባ፣ ኢ እንሳሮ፣ ኤፍ ፍቼ። ንባቡ እንዲህ ይሆናል፦

«ሦስተኛው አራት፦ ሰባት፣ ቡልጋ፣ ዜሮ፣ ፍቼ።»
«ሰባት፣ ቡልጋ፣ ዜሮ፣ ፍቼ። ይቀጥሉ መምህር።»
«አራተኛው፦ ደነባ፣ ደነባ፣ ሁለት፣ ዘጠኝ።»
«ይቅርታ፣ እኔ ጋ እንሳሮ፣ ደነባ ነው የሚለው። አንዴ ይድገሙልኝ።»

እንዲህ ያለ ልዩነት ሲመጣ «የንባብ ስህተት ይሆናል» ብሎ ማለፍ የለም። አንባቢው ከወረቀቱ፣ አድማጩ ከስክሪኑ ደግመው ያያሉ። ከሁለተኛው ንባብ በኋላም ካልገጠመ ቁልፉ ይጣላል፣ በሌላ መንገድ አዲስ ይጠየቃል። በአስሩም ምድብ ካልገጠመ ገጠመ አይባልም፤ ዘጠኝ ምድብ የገጠመ አሻራ ያልገጠመ ነው።

ተቀባዩ ካመሳከረ በኋላ ክሊዮፓትራ ውስጥ ቁልፉን በ«ኢምፖርት» ያስገባል፤ በስሙ ላይ በቀኝ ተጭኖ «ሰርቲፋይ» ይላል። ይህ ማለት «ይህን አሻራ ራሴ አይቼዋለሁ» ማለት ነው። ይህን ለማድረግ ተቀባዩም የራሱ ቁልፍ ያስፈልገዋል፤ ከሌለው በእርምጃ 1 መሠረት ያውጣ። ለራሱ መዝገብ ብቻ ካረጋገጠው ይበቃል፤ ለሌሎች እንዲታይ ማውጣት የሚገባው ለሌሎች ምስክር መሆን ሲፈልግ ነው።

እርምጃ 3፦ አቃፊውን ማሰናዳትና መፈረም

ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ መጀመሪያ ይፈረማል፣ ቀጥሎ ቶረንቱ ይሠራል። ቶረንት ከተሠራ በኋላ የተጨመረ ፊርማ ቶረንቱ ውስጥ የለም።

ፋይሎቹን በአንድ አቃፊ ሰብስቡ። የአቃፊው ስም የስሪት ቁጥር ይኑረው። ውስጡ አንድ የጽሑፍ ፋይል ጨምሩ፤ የሰነዱን ስም፣ የስሪቱን ቁጥር፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የትኛውን የቀድሞ ስሪት እንደሚተካ ይጻፍበት። ይህ ትርፍ ሥራ አይምሰላችሁ። በስህተቱ የተተካ የአምና ሰነድ ፊርማው ዛሬም ትክክል ነው፤ ክፉ ሰው እሱኑ «አዲስ ወጣ» ብሎ ቢያሰራጨው መርማሪው ፕሮግራም ምንም አይልም። የሚያጋልጠው በፊርማ ስር የተጻፈው የስሪት ቁጥር ብቻ ነው።

አሥራ ሁለት ፋይል ካላችሁ አሥራ ሁለት ጊዜ አትፈርሙ። ክሊዮፓትራ «ፋይል» ውስጥ «ክሪኤት ቼክሰም ፋይልስ» የሚል አለው፤ አቃፊውን ስጡት፣ የሁሉንም ፋይል ሻ-256 በአንድ የጽሑፍ ፋይል ይዘረዝርላችኋል። የምትፈርሙት ያንን ዝርዝር ብቻ ነው። ዝርዝሩ ከተፈረመ በውስጡ ያለው ሁሉ ተፈርሟል።

«ሳይን/ኢንክሪፕት» ብላችሁ የዝርዝሩን ፋይል ምረጡ። አሁን የሚመጣው መስኮት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ «ሳይን አስ» የሚለው ከቁልፋችሁ ጋር ምልክት ይኑረው፣ «ኢንክሪፕት ፎር ሚ» እና «ኢንክሪፕት ፎር አዘርስ» የሚሉት ግን ይነሱ። «ኢንክሪፕት ፎር ሚ» ካልተነሳ የሚወጣው ፋይል ከእናንተ ሌላ ማንም የማይከፍተው ይሆናል። በትክክል ከተሠራ ከዝርዝሩ ጎን ያው ስም ያለው፣ መጨረሻው ሲግ የሚል፣ ከአንድ ኪሎባይት በታች የሆነ ትንሽ ፋይል ታያላችሁ። ፊርማው እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ አቃፊው ውስጥ ያለ ምንም ነገር አይነካ። ፒዲኤፉን ከፍቶ «ሴቭ» ማለት እንኳ ይዘቱን ይለውጠዋል። አንድ የፊደል ግድፈት ካያችሁ አርማችሁ የስሪቱን ቁጥር ጨምሩና ከዝርዝሩ ጀምራችሁ ድገሙ።

እርምጃ 4፦ ቶረንቱን መሥራት

ኪውቢትቶረንት ውስጥ «ቱልስ»፣ ከዚያ «ቶረንት ክሪኤተር»። አቃፊውን ምረጡ። የቁራጭ መጠኑን በ«ኦቶ» ተዉት። ፎርማት ምረጡ ካለ «ሃይብሪድ» በሉት፤ ለድሮ ፕሮግራሞች የመጀመሪያውን፣ ለአዲሶቹ ሁለተኛውን ስሪት ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች አንድ የሻ-1 ሃሽ ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፒዲኤፎች ሠርተው ስላሳዩ የሻ-256ቱ ቢኖር ይመረጣል። «ፕራይቬት» የሚለው ሳጥን ባዶ ይሁን፤ ምልክት ከተደረገበት ፕሮግራሞቹ ያለ ትራከር (ፋይሉን ማን እንደያዘ የሚናገር ሰርቨር) እርስ በርስ የሚፈላለጉባቸው መንገዶች ሁሉ ይዘጋሉ።

«ኮመንት» ላይ ስማችሁን መጻፍ ትችላላችሁ፤ ግን ማንም አይመነው። ኮመንቱ፣ የትራከሩ ዝርዝርና የተሠራበት ፕሮግራም ስም ሃሹ ውስጥ አይገቡም፤ ማንም ለውጧቸው ሃሹ ያው ይሆናል። ማግኔት ሊንክ ላይ የሚታየው ስምም እንዲሁ የተለጠፈ ጽሑፍ ነው።

ቶረንቱን አንድ ሰው ብቻ ይሥራው። ሁለት ሰው አንዱን አቃፊ በተለያየ የቁራጭ መጠን ወይም በተለያየ የአቃፊ ስም ከሠራው ሃሹ ይለያያል፤ ተቀባዩም ለሁለት ይከፈላል።

ማሰራጨቱ ላይ የአገሩን ሁኔታ አትርሱ። ሰጪና ተቀባይ ሁለቱም በሞባይል ዳታ ከሆኑ ብዙ ጊዜ በቀጥታ መገናኘት ያቅታቸዋል። መብራት ሲጠፋም ሲድ የምታደርገው፣ ማለትም ሙሉውን ፋይል ይዛ ለሌሎች የምታካፍለው ኮምፒውተር አብራ ትጠፋለች። በተለያየ ከተማ፣ ለምሳሌ ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢትና አረርቲ፣ አንዳንድ ሲድ አድራጊ ቢኖር ሦስቱ በአንድ ጊዜ የመጥፋታቸው ነገር ይቀንሳል።

ኢንተርኔት ጭራሽ ከሌለ ፍላሽ አለ። የቶረንቱን ፋይልና አቃፊውን በፍላሽ ወስዳችሁ አንድ ኮምፒውተር ላይ ቅዱት። ቶረንቱን ስታስገቡ ማስቀመጫው አቃፊው ያለበት ቦታ ይሁን፤ «ስኪፕ ሃሽ ቼክ» የሚለው ባዶ መሆኑን እዩ። ፕሮግራሙ የተቀዳውን ቁራጭ በቁራጭ መርምሮ 100 በመቶ ሲል ሲድ ማድረግ ይጀምራል። በክፍሉ ያሉት ሌሎች ኮምፒውተሮች የቶረንቱን ፋይል ብቻ ያስገባሉ፤ ቅንብሩ ውስጥ «ሎካል ፒር ዲስከቨሪ» በርቶ ከሆነ ያለ ኢንተርኔት በዚያው መረብ ይገናኛሉ። ካልተገናኙ መጀመሪያ የዊንዶውስን ፋየርዎል እዩ፤ መረቡን «ፐብሊክ» ካለው «ፕራይቬት» አድርጉት። ዋይፋይ ከሆነ ራውተሩ ተጠቃሚዎች እርስ በርስ እንዳይገናኙ ከልክሎ ሊሆን ይችላል።

እርምጃ 5፦ ሲደርሳችሁ መመርመር

አቃፊው ወርዶ 100 በመቶ ሲሞላ ምንም ፋይል ሳትከፍቱ በክሊዮፓትራ «ዲክሪፕት/ቬሪፋይ» ብላችሁ ሲግ የሚለውን ፋይል ስጡት። የተፈረመበትን ዝርዝር ካላገኘው ቦታውን ይጠይቃችኋል። የሚመጣው መልስ ከአራቱ አንዱ ነው።

ትክክለኛ ፊርማ፣ እናንተ ካረጋገጣችሁት ቁልፍ። ዝርዝሩ ሙሉ እምነት ያገኘው እዚህ ነው፤ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

ትክክለኛ ፊርማ፣ ካላረጋገጣችሁት ቁልፍ። ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። «ትክክለኛ» የሚለውን አንብቦ ያልፋል። ሐሰተኛ ቁልፍ ሠርቶ የፈረመ ሰው የሚያገኘው ይህንኑ መልስ ነው። አሻራውን ከወረቀታችሁ ጋር ሳታመሳክሩ አትቀጥሉ።

ቁልፉ የለም። ይህ ክስ አይደለም፤ የአደባባይ ቁልፉን ገና አላስገባችሁትም ማለት ነው።

መጥፎ ፊርማ። ዝርዝሩ ተነክቷል ወይም ፊርማው የዚህ ፋይል አይደለም። አትክፈቱ፤ አቃፊውን ወደ ጎን አድርጉትና ለአሳታሚው በስልክ ንገሩ።

ፊርማው ካለፈ ቀጥሎ «ቬሪፋይ ቼክሰም ፋይልስ» በሉ። ይህን መዝለል የተለመደ ነው፤ ግን የተፈረመው ዝርዝሩ እንጂ ጥያቄዎቹ አይደሉም፤ ፋይሎቹ ከዝርዝሩ ጋር መግጠማቸውን የሚያየው ይህ እርምጃ ነው። ከዝርዝሩ ፋይልና ከፊርማው ሌላ፣ ዝርዝሩ ላይ ያልሰፈረ ትርፍ ፋይል አቃፊው ውስጥ ካገኛችሁ (ፍላሽ ላይ የሚፈጠሩት የሾርትከት ቫይረሶች እንዲህ ነው የሚገቡት) አትክፈቱት፣ አጥፉት። በመጨረሻ የስሪቱን ቁጥር ካለፈው ጋር አስተያዩ።

ቁልፉ ካለፈው ጋር አንድ ነው ወይ የሚለውን በየጊዜው መጠየቅ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ትራንስሚሽን የተባለው የቶረንት ፕሮግራም 2.90ኛ ስሪቱ የማክ መጫኛ፣ በራሱ ድረ ገጽ ላይ እያለ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ በሚጠይቅ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ተተክቶ ነበር። መጫኛው በትክክለኛ የአፕል ሰርተፊኬት የተፈረመ ስለነበር ኮምፒውተሮቹ ተቀበሉት። ሰርተፊኬቱ ግን ከዚያ በፊት ትራንስሚሽን ይፈርምበት የነበረው አልነበረም።

ፊርማ የማይሸፍነውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤክስዜድ በተባለው የማመቂያ ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ውስጥ ስውር መግቢያ ተገኘ፤ የከተተው የፕሮጀክቱ ተንከባካቢ ራሱ ስለነበረ ፊርማው እውነተኛ ነበር። ለከባድ ሰነድ ሁለት ፈራሚ ማድረግ የሚበጀው ለዚህ ነው። ሁለቱ በየራሳቸው ቁልፍ ያንኑ ዝርዝር ይፈርማሉ፤ የፊርማ ፋይሎቹ ስም እንዳይጋጭ የፈራሚው ስም ይጨመርበታል፤ ተቀባዮችም ሁለቱም ካልገጠሙ እንዳይቀበሉ አስቀድሞ ይነገራቸዋል።

ሳይገጥም ሲቀር

ከሁሉ የሚበዛው የሰዓት ጣጣ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰው ከዓለም በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ፕሮግራሙም ቁልፉ «ወደፊት የወጣ» ነው ብሎ አይቀበለውም። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላም እንዲሁ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን 9 መባል ሲገባው 3 ካለው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ዛሬ ጠዋት የተፈረመው ገና ያልተፈረመ ይመስለዋል። መፍትሔው ቀኑንና ሰዓቱን በፈረንጅ አድርጎ የሰዓት ክልሉን መምረጥ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ «ናይሮቢ» የሚለው፣ ሊኑክስ ላይ «አዲስ አበባ» የሚለው ነው። አስተካክላችሁት መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ አሮጌ ቀን የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ ባለ 3 ቮልት 2032 የምትባለዋን ቀይሩ።

መጥፎ ፊርማ ከመጣና ሰዓቱ ትክክል ከሆነ ዝርዝሩን ማን እንደከፈተው ጠይቁ። በኖትፓድ ወይም በዎርድ ከፍቶ ያስቀመጠው ሰው የመስመር ማብቂያውን ወይም ሌላ የማይታይ ነገር ለውጦ ይሆናል፤ ዓይን ምንም አያይም፣ ፊርማው ግን ያያል። ሃሹ ያልገጠመው ምስል ከሆነ ደግሞ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኮ ይሆናል፤ ቴሌግራም ፎቶን ያመቀዋል፣ እንደ «ፋይል» ከተላከ ግን አይነካውም። አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ ካልገጠመ ፍላሹን ጠርጥሩ። በፋት32 የተፎረመተ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ርካሽ ፍላሽም ከሚለው መጠን በታች የሚይዝበት ጊዜ አለ።

ቁልፉ ጊዜው አልፏል ካለ አሳታሚው አራዝሞት ይሆናል፤ የታደሰውን የአደባባይ ቁልፍ አስገቡ። አሻራው ያው መሆን አለበት። አሻራው ከተለወጠ የተራዘመ ሳይሆን አዲስ ቁልፍ ነው።

በቁልፍ የሚጠራ አድራሻ

ማግኔት ሊንክ አንድን የተወሰነ ይዘት ይጠራል፤ ሰነዱ ሲታደስ ሊንኩም ይለወጣል። ከሃሽ ይልቅ የአደባባይ ቁልፍን አድራሻ የሚያደርጉ ዘዴዎች ይህን ይፈታሉ፤ ፍሪኔት የተባለው ማዕከል የለሽ መረብ ይዞት የመጣው የተፈረመ ቦታ፣ አይፒኤፍኤስ የተባለው ሌላ መረብ ያለው አይፒኤንኤስ፣ ቶረንት መረብ ላይም ኢዲ25519 በሚባል የቁልፍ ዓይነት የሚፈረም ተለዋዋጭ መዝገብ አለ። በቶረንቱ መዝገብ ውስጥ የሚቀመጠው ከ1000 ባይት ስለማይበልጥ ወደ አዲሱ ቶረንት ከማመልከት አያልፍም፤ ተከታታይ ቁጥርም ስላለው አሮጌው አዲሱን አይተካውም።

ለእኛ አካባቢ ያለው ችግር መዝገቡ በየጊዜው መታደስ የሚፈልግ መሆኑ ነው። የቶረንቱን መዝገብ የያዙት ኮምፒውተሮች ከ2 ሰዓት በኋላ ሊጥሉት ይችላሉ፤ የአይፒኤንኤሱም ከአንድ ሁለት ቀን አይዘልም። አሳታሚው መብራት ከጠፋበት አድራሻው አብሮት ይጠፋል። ብዙዎቹ የተለመዱ የቶረንት ፕሮግራሞችም ይህን አያውቁትም። ስለዚህ ያለማቋረጥ የሚበራ ኮምፒውተር እስክታገኙ የተፈረመ ማስታወቂያ ይሻላል፦ የስሪት ቁጥሩንና ማግኔት ሊንኩን በጽሑፍ ፋይል ጽፋችሁ ፈርሙ፣ በቴሌግራምም በፍላሽም ይሂድ።

ዝውውር፣ መጥፋት፣ መሻር

መምህር ይዛወራል። ቁልፍ ያዢው ሲዛወር የሚስጥር ቁልፉን በፍላሽ ለተተኪው ማስረከብ ቀላሉ መንገድ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ማን እንደፈረመ የሚያውቅ የለም፣ ግልባጩም ስንት ቦታ እንዳለ አይታወቅም። ተተኪው የራሱን ቁልፍ ያውጣ። «ከዚህ ቀን ጀምሮ ሰነዶቹ በዚህ አሻራ ይፈረማሉ» የሚል ጽሑፍ ይዘጋጅና በአሮጌውም በአዲሱም ቁልፍ ይፈረም። ተቀባዮች ሁለቱን ፊርማ ካዩ አዲሱን ያረጋግጣሉ። በአዲሱ ብቻ የተፈረመ የሽግግር ማስታወቂያ ግን ዋጋ የለውም፤ በስልክ ይጣራ።

ላፕቶፑ ከተሰረቀ ወይም የይለፍ ሐረጉ ታወቀ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ነገ አትበሉ፤ የመሻሪያ ሰነዱን አውጡ። ፕሮግራሙ በራሱ የሚያዘጋጀው የመሻሪያ ፋይል የመጀመሪያው ሰረዝ ፊት ሁለት ነጥብ (:) ተጨምሮበት ነው የሚቀመጠው፤ በስህተት እንዳይገባ ነው። ያንን ሁለት ነጥብ አጥፍታችሁ አስቀምጡትና «ኢምፖርት» በሉት። ቁልፉ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ወዲያው የተሻረ ይሆናል፤ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ግን ገና አረንጓዴ ነው። የተሻረውን የአደባባይ ቁልፍ «ኤክስፖርት» አድርጋችሁ ፋይሎቻችሁ በሄዱበት መንገድ ሁሉ ላኩት፤ አሻራውን በስልክ ላነበባችሁላቸውም አንድ በአንድ ደውሉ፤ ሰሌዳ ላይ የለጠፋችሁትንም ወረቀት አንሱ።